የቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ ለእጅ ባለሙያ ይሆናል? ዘጠኙ ሳጥኖችና የጎደለው አሥረኛው

ከእጅ ሥራው እንጀራውን ሊያወጣ ለሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው የዕቅድ መሣሪያ «የቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ» የሚባለው ነው። አንድ ገጽ ላይ የተሳሉ ዘጠኝ ሳጥኖች ናቸው፤ ሌላ ነገር የለውም። መነሻው ስዊዘርላንዳዊው አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር በፕሮፌሰር ኢቭ ፒኜር አማካሪነት በሎዛን ዩኒቨርሲቲ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት ነው። ወረቀቱ የተለቀቀው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሆነ በነጻ አውርዶ ማተምም ሆነ ለራስ በሚመች መንገድ መቀየር ይቻላል። ምንጩን መጥቀስ፣ የቀየሩትን ለሌላ ሲያካፍሉ ደግሞ በዚያው ፈቃድ ማካፈል በቂ ነው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀድም። ካንቫሱ የሽያጩን ጎን፣ ማለትም ማን ይገዛል፣ ለምን ይገዛል፣ በየት በኩል ይገዛል የሚለውን፣ ከብዙ ባለ ሃምሳ ገጽ የንግድ ዕቅዶች በተሻለ ያሳያል። ስለ ሠሪው ግን አንድም ነገር አይጠይቅም። በሳምንት ስንት ሰዓት አለህ? ልጆች ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ይመለሳሉ? እጅሽ በቀን ስንት ሰዓት መስፋት ይችላል? ከአምስት ዓመት በኋላስ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ መሥራት ነው የምትፈልጊው ወይስ ሌሎችን ማሠራት? ለእጅ ባለሙያ እነዚህ ጥያቄዎች ከሽያጩ ይቀድማሉ፤ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ የሚወጣው ከሁለት እጅና ከተቆጠረ ሰዓት ነውና። ስለዚህ ካንቫሱን እንመክራለን፣ ግን አሥረኛ ሳጥን ተጨምሮበት፣ ያም ሳጥን ከሁሉም ቀድሞ ተሞልቶ።

ወረቀቱና መጠኑ

ዘጠኙ ሳጥኖች እነዚህ ናቸው፦ ደንበኞች፣ ለደንበኛው የምንሰጠው ጥቅም፣ መሸጫ መንገዶች፣ ከደንበኛ ጋር ያለን ግንኙነት፣ የገቢ ምንጮች፣ ዋና ሀብቶች፣ ዋና ተግባራት፣ አጋሮች፣ ወጪዎች። በቀኝ በኩል ገበያው፣ በግራ በኩል አሠራሩ፣ ከታች ገንዘቡ ተቀምጧል። መሃሉን የያዘው ጥቅሙ ነው። አቀማመጡ የታሰበበት በመሆኑ አንዱን ሳጥን ሲነኩ የትኛው እንደሚናጋ በዓይን ይታያል። ለምሳሌ መሸጫ መንገድ ላይ «ባዛር» ብሎ የጻፈ ሰው ዋና ሀብት ላይ ድንኳን፣ ጠረጴዛና ማጓጓዣ ካልጻፈ ክፍተቱ ወዲያው ይገለጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወረቀቱ መጠን ነው። ኤ3 ወረቀት ወርዱ 420 ሚሊሜትር ነው፤ ላይኛው ክፍል በአምስት ዓምድ ስለሚከፈል ለአንዱ ዓምድ 84 ሚሊሜትር ይደርሰዋል። የተለመደው ባለ 76 ሚሊሜትር ተለጣፊ ወረቀት እዚያ ላይ ጎን ለጎን አንድ ብቻ ነው የሚገባው። ሳጥኑ ቶሎ ይሞላና ሰው ሐሳቡን መቁረጥ ይጀምራል፣ ወይም ሦስት ሐሳብ አንድ ወረቀት ላይ ያጭቃል። ከሁለቱ ሁለተኛው ይከፋል፤ አንዱን ሐሳብ ማንሳት ሲፈለግ ሦስቱም አብረው ይነሣሉና። ኤ1 ላይ ዓምዱ 168 ሚሊሜትር ስለሚሆን ሁለት ጎን ለጎን ይገባሉ። አራት ኤ3 ወረቀት በፕላስተር አያይዞ መሳል ያንኑ ይሰጣል። ተለጣፊ ወረቀት ከሌለ በእርሳስ ይጻፍ። በእስክሪብቶ የተሞላ ካንቫስ ለመቀየር ስለማይመች እንደ ተሠራ ይቀራል።

አሥረኛው ሳጥን፦ ሰዓትና ሕይወት

ይህን ሳጥን በሌላ ወረቀት ሥሩትና ከካንቫሱ ጋር በስቴፕለር አያይዙት። ሦስት ነገር ይጻፍበታል፦ በዓመት ያለኝ ሰዓት፣ ከሥራው ለኑሮዬ የምፈልገው ገንዘብ፣ በምንም ዋጋ የማልሰጠው ነገር። ሦስተኛው እንደ ጌጥ አይታይ። «እሑድ አልሠራም»፣ «ልጆች ቤት ሲሆኑ ኬሚካል አልከፍትም»፣ «ከሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ማውራት ያደክመኛል» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ከታች እንደምናሳየው አንዳንድ የሽያጭ መንገዶችን ከናካቴው ያስወጣሉ።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንሂድበት። በእጅ የሚሰፋ የቆዳ ቦርሳ እንውሰድ። ገንዘቡን በቁጥር ብቻ እንጽፋለን፤ የየትም አገር ገንዘብ ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም።

ሠሪው በሳምንት 30 ሰዓት አለው እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ ለዕረፍት 4፣ ለሕመምና ላልታሰበ ነገር 2 ሳምንት ሲቀነስ 46 ይቀራል። 30 በ46 ሲባዛ 1,380 ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ግን የሥራ ጠረጴዛ ላይ አያልፍም። ቆዳ ማዘዝ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መልእክት መመለስ፣ ማሸግ፣ ሒሳብ መመዝገብ፣ መሣሪያ መሳል፣ ወርክሾፕ መጥረግ አለ። ጠረጴዛው ላይ የሚያልፈውን 55 በመቶ ብለን ብንይዝ 759 ሰዓት ይሆናል። ጀማሪ ሰው 80 ወይም 90 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ለአራት ሳምንት በማስታወሻ ቢመዘግብ ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ሲወርድ ያገኘዋል።

አሁን አንድ ቦርሳ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቅዱን ቆዳው ላይ ማስቀመጥና መቁረጥ 35፤ የሚገጣጠሙትን ጠርዞች ማሳሳት 25፤ ማስቲሽ መቀባትና ማጣበቅ 20፤ የስፌት መስመር ማስመርና ቀዳዳ መብሳት 40። ከዚያ ስፌቱ ይመጣል። የቦርሳው የስፌት ርዝመት 2.4 ሜትር ከሆነና በቀዳዳዎቹ መካከል 4 ሚሊሜትር ካለ 600 ስፌት ነው። በሁለት መርፌ፣ ሰም በተቀባ ክር፣ እያንዳንዱን እኩል እየጠበቁ በደቂቃ 5 ቢሄዱ 120 ደቂቃ ይወስዳል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ መቀባት፣ ማድረቅና ደግሞ ማሸት 60፤ ዘለበትና ሪቬት መግጠም 20፤ ማጽዳት፣ መፈተሽና መጠቅለል 20። ድምሩ 340 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው።

759 ሰዓት ለ5 ሰዓት ከ40 ሲካፈል 133 ቦርሳ ይሰጣል። ከእነዚህ 5 በመቶውን፣ ማለትም 7ቱን፣ ለተበላሸ፣ ለናሙናና ለፎቶ እንተው። በዓመት የሚሸጥ 126 ቦርሳ አለ። ይህ ቁጥር ጣሪያው ነው። ደንበኛ ቢበዛም፣ ማስታወቂያ ቢሠራም ከዚህ አያልፍም፣ እንቅልፍ ካልተቀነሰ በቀር።

ለኑሮው በዓመት 180,000 ይፈልጋል፤ የወርክሾፑ ቋሚ ወጪ፣ የተበላሸው ዕቃ ቆዳ ጭምር፣ 36,000 ነው እንበል። ድምሩ 216,000 ለ126 ሲካፈል 1,714 ይደርሳል። በእያንዳንዱ ቦርሳ ላይ 700 የጥሬ ዕቃ ሲጨመር 2,414 ይሆናል። ይህ ከሽያጩ በኋላ እጁ ላይ መቅረት ያለበት ገንዘብ ነው። ግብር እንደየአገሩ ሕግ ከዚህ በላይ ይታሰባል።

ሦስት ስህተት እዚህ ላይ ይደጋገማል። የመጀመሪያው የሰዓት ክፍያውን በጠረጴዛ ሰዓት ብቻ ማሰብ ነው። 180,000 ለ1,380 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 130 ነው። ይህን በ5 ሰዓት ከ40 አባዝቶ «ድካሜ 739 ነው» የሚል ሰው ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ነው የሚያስከፍለው፤ የማሸጉ፣ የመልእክቱና የሒሳቡ ሰዓት በነጻ ሄዷልና።

ሁለተኛው ኮሚሽንን የሚመለከት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያከስረው እሱ ነው። አንድ ሱቅ ዕቃውን ተቀብሎ ሲሸጥለት 40 በመቶ ይወስዳል እንበል። ሠሪው 2,414 ላይ 40 በመቶ ጨምሮ 3,380 ብሎ ይለጥፋል። ሱቁ ግን 40 በመቶውን የሚወስደው ከ3,380 ነው፤ 1,352 ይቀነስና ለሠሪው 2,028 ይቀራል። ከእያንዳንዱ ቦርሳ 386 ጎደለ። በ126 ቦርሳ ሲባዛ 48,636 ነው፤ ሊኖርበት ካሰበው ገንዘብ ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። ትክክለኛው መንገድ መጨመር ሳይሆን ማካፈል ነው፦ 2,414 ለ0.6፣ ይህም 4,023 ይሆናል። 10 በመቶ በሚወስድ የኢንተርኔት መሸጫ ደግሞ 2,414 ለ0.9፣ 2,682።

ሦስተኛው የቆዳው ብክነት ነው። የቦርሳው ቁርጥራጮች ስፋት 6 ስኩዌር ፊት ቢሆን 6 ብቻ መግዛት አይበቃም። የሆድ አካባቢ ቆዳ ይለጠጣል፣ የአንገቱ ይሸበሸባል፣ የነፍሳት ንክሻና የእሾህ ጠባሳ ያለበት ቦታ ለፊት ለፊት አይሆንም። ሩቡ ይባክናል ከተባለ 6 ለ0.75፣ ማለትም 8 ስኩዌር ፊት ያስፈልጋል። እዚህም የሚካፈል ነው እንጂ የሚጨመር አይደለም። ክሩንም ቢሆን በስፌቱ ርዝመት ልክ የገመተ ያጥረዋል። በሁለት መርፌ ሲሰፋ ከስፌቱ ርዝመት አራት እጥፍ ያህል ክር ይሄዳል፣ ወፍራም ቆዳ ላይ ከዚያም በላይ።

የሰዓቱ ቁጥር ሲለወጥ ምን እንደሚሆን እንይ። ያው ሰው በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ ካለው የሚሸጠው 84 ቦርሳ ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ከፈለገ የኢንተርኔት ዋጋው ከ2,682 ወደ 3,635 መውጣት አለበት። ገበያው ይህን ዋጋ ካልተሸከመ የሚቀየረው የዕቃው ዓይነት ወይም የሚፈለገው ገንዘብ ነው። ሰዓቱን በሌሊት መሙላት እንደ ዕቅድ አይቆጠርም። ካንቫሱ ብቻውን ቢሆን ይህን ግጭት አያሳይም፤ ገቢ ሳጥን ላይ «የቦርሳ ሽያጭ» ተብሎ ተጽፎ ይታለፋል።

ሳጥኖቹ በእጅ ሥራ ዓይን

አሥረኛው ከተሞላ በኋላ ወደ ካንቫሱ ይዞራል። ከደንበኛው መጀመር ጥሩ ነው። ለራሱ የሚገዛ፣ ለስጦታ የሚገዛና ለሱቁ የሚገዛ ሰው ሦስት የተለያዩ ደንበኞች ናቸው፤ ለየብቻ ይጻፉ። ለስጦታ የሚገዛው በበዓላትና በሠርግ ወቅት ይመጣል፤ ቶሎ እንዲደርስለትና ተጠቅልሎ እንዲሰጠው ይፈልጋል፣ መጠንና ቀለም መምረጥ ያስቸግረዋል። ለሱቅ የሚገዛው ደግሞ ብዙ አንድ ዓይነት ዕቃ ይፈልጋል፣ ዋጋ ያስወርዳል፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ይከፍላል። ሦስቱን «የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች» ብሎ የጨፈለቀ ሰው የቀሩትን ስምንት ሳጥኖች በትክክል ሊሞላ አይችልም።

ጥቅም የሚለው ሳጥን ላይ «ጥራት ያለው፣ በእጅ የተሠራ» ተብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። ይህ ምንም አይነግርም፤ ሁሉም ሠሪ ይህንኑ ይላል። ደንበኛው በዕቃው ምን እንደሚያደርግ ይጻፍ፦ «ላፕቶፕና ምሳ ዕቃ አብረው ይገቡበታል፣ ማንገቻው ሲበጠስ ሊተካ ይችላል» የሚለው ይበልጣል።

መሸጫ መንገድ ላይ እናዘግም፤ የሕይወት ዓላማና ንግድ የሚጋጩት በብዛት እዚህ ነው። ባዛር ቀጥታ ገንዘብ ያመጣል፣ የደንበኛን ፊትም ያሳያል። ዕቃ ማዘጋጀትና መጫን 4 ሰዓት፣ ቀኑ 9 ሰዓት፣ መመለስና መዘርዘር 2 ሰዓት፣ በድምሩ 15 ሰዓት ይፈጃል። በወር አንድ ብቻ ቢወጣ በዓመት 180 ሰዓት ነው፤ ከላይ በምሳሌአችን ከጠረጴዛ ውጭ ከተመደበው 621 ሰዓት ከሩብ በላይ ወሰደ ማለት ነው። አብዛኛው ባዛር የሚውለው በዕረፍት ቀን በመሆኑ «እሑድ አልሠራም» ብሎ ለጻፈ ሰው ይህ መንገድ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ አስቀምጦ ማሸጥ ሰዓት ይቆጥባል፣ ኮሚሽኑ ግን ከባድ ነው፤ የተቀመጠው ዕቃ እስኪሸጥ ድረስም የሠሪው ገንዘብ እዚያው ታስሮ ይቆያል። ዝርዝሩ በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ዕቃ፣ በየስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ቢጠፋ ወይም ፀሐይ ቢመታው ማን እንደሚከፍል። ጅምላ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ግን ክፍያው ይታወቃል፤ ብቻውን በጸጥታ መሥራት ለሚወድ ሰው የሚስማማው እሱ ነው።

በትእዛዝ መሥራት ከሁሉም የሚማርክ፣ ከሁሉም የሚያታክት ነው። በአንድ ትእዛዝ ላይ በመልእክት መመላለስ፣ ቀለም ማሳየትና ልኬት ማስተካከል አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ለቦርሳው ከወጣው ሰዓት ላይ ሩብ ተጨመረበት ማለት ነው። ስለዚህ የትእዛዝ ዋጋ ከመደበኛው ዋጋ ጋር እኩል ሊሆን አይገባም። ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ግማሹን በቀብድ ይቀበሉ፤ ቀብዱ ቢያንስ ጥሬ ዕቃውን መሸፈን አለበት። ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚፈቀድ ከፊት ይነገር። «ሁለት ጊዜ» ተብሎ ቢወሰን ሁለቱም ወገን ያርፋል።

ከደንበኛ ጋር ያለን ግንኙነት የሚለው ሳጥን ብዙ ሠሪዎች በቅንነት የሚጎዱበት ነው። «ዕድሜ ልክ እንጠግናለን» ማለት ያምራል፤ ግን የሰዓት ዕዳ ነው፣ ዕዳውም በየዓመቱ ያድጋል። በዓመት 126 ቦርሳ የሸጠ ሰው በአምስት ዓመት 630 ቦርሳ ውጭ አለው። ከእነሱ 4 በመቶ በየዓመቱ ቢመለሱ 25 ጥገና ነው፤ ለአንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሰጥ 38 ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህም ወደ 7 ቦርሳ የሚጠጋ የሥራ ጊዜ ነው። «ስፌት ለ2 ዓመት በነጻ፣ ከዚያ በኋላ በክፍያ» የሚለው ቃል የሚጠበቅ ቃል ነው።

ዋና ሀብት ላይ መሣሪያውን ሁሉም ይጽፋል፣ ሰውነቱን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። የእጅ አንጓ፣ ዓይንና ወገብ እዚያ ይግቡ። ለረጅም ሰዓት ያለ ዕረፍት መስፋት አንጓን ይጎዳል፤ ስለዚህ የስፌቱ 120 ደቂቃ በአንድ መቀመጫ እንዲያልቅ አይታቀድ። መቁረጥ፣ መስፋትና ማሸግ በቀኑ ውስጥ ይፈራረቁ። የማስቲሽ ሽታ አየር የሚያስወጣ መስኮት ይፈልጋል፤ ቀዳዳ ሲበሳ የመዶሻው ድምፅ ከታች ቤት ይሰማል። ወርክሾፑ መኖሪያ ቤት ከሆነ እነዚህ ሁለቱ የሥራ ሰዓቱን ራሳቸው ይወስናሉ።

አጋሮች የሚለውን በአጭሩ እንለፍ፦ ቆዳ፣ ክርና ዘለበት የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ይፈለግ፤ ለአንድ ዙር የሚሆነው ቆዳም በአንድ ጊዜ ይገዛ፣ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ቆዳ ቀለሙ አይገጥምምና።

የትኛው ዕቃ ሰዓቱን ይከፍላል

ገቢ የሚለው ሳጥን ላይ ዕቃዎች ተዘርዝረው ይቀራሉ። እዚያ ላይ አንድ ስሌት መጨመር ግድ ነው፦ ከዋጋው ኮሚሽንና ጥሬ ዕቃ ቀንሶ ለሰዓቱ ማካፈል። ቦርሳው 2,682 ሲሸጥ 1,714 ይቀራል፤ በ5 ሰዓት ከ40 ሲካፈል በሰዓት 302 ነው። የኪስ ቦርሳ 500 ተሸጦ፣ 10 በመቶና 90 የጥሬ ዕቃ ወጥቶለት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ከተሠራ በሰዓት 240 ያስገባል። ከቁርጥራጭ ቆዳ በ15 ደቂቃ የሚሠራ የቁልፍ ማንጠልጠያ 110 ቢሸጥ 99 ይቀራል፤ በሰዓት 396! ስለዚህ ማንጠልጠያ ብቻ እንሥራ ይባላል።

ነገር ግን እያንዳንዱ ሽያጭ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ መልእክት መመለስ፣ አድራሻ መጻፍና ማድረስ አለበት። ለዚህ 12 ደቂቃ ብንጨምር ማንጠልጠያው 27 ደቂቃ ይሆንና በሰዓት ወደ 220 ይወርዳል፤ ቦርሳው ግን 292 ላይ ይቆያል። ትናንሽ ዕቃ አዋጪ የሚሆነው አንድ ደንበኛ አምስትና ስድስት አብሮ ሲወስድ፣ ወይም ባዛር ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ነው። ለሠሪው ኑሮ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ አንዱ መንገድ ቀኑን በመስፋት ያሳልፋል፣ ሌላው በማሸግ።

የሚቋረጥና የማይቋረጥ ሥራ

ካንቫሱ «ዋና ተግባራት» ብሎ ይጠይቃል፣ ተግባሩ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችል እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ለሚንከባከብ፣ ወይም ሌላ ሥራ ኖሮት በትርፍ ሰዓቱ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። ስፌት፣ ሹራብ፣ ጥልፍ የትም ላይ ይቆማል፤ መርፌውን ሰክቶ መነሣት ነው። የሸክላ ሥራ እንደዚያ አይደለም። ጭቃው እጀታ ለመቀጠል የሚመቸው ግማሽ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ እጀታው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምክንያቱም ደረቁና እርጥቡ ጭቃ እኩል አይኮማተሩም። በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማዘግየት ይቻላል፣ ማቆም ግን አይቻልም። ምድጃም ከተለኮሰ ሰዓቱን የሚወስነው እሱ ነው።

ሳሙና ሌላ ነገር አለው። ኮስቲክ ሶዳና ዘይት መቀላቀል ከተጀመረ እስኪወፍርና ቅርጽ ውስጥ እስኪገባ ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል በመሆኑም ሕጻን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይከፈት። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ራሱን ይሠራል፦ በቀዝቃዛ ዘዴ የተሠራ ሳሙና 4 እስከ 6 ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ለሰዓት የተመቸ፣ ለገንዘብ ያልተመቸ ሥራ ነው፤ ለበዓል የሚሸጠው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መሠራት አለበት፣ የዘይቱም ገንዘብ እስከዚያ ታስሮ ይቆያል። የቆዳ ሥራ መሃል ላይ ነው። ስፌቱ ይቋረጣል፤ ማስቲሽ ተቀብቶ እስኪያዝ የሚጠበቅባት ጥቂት ደቂቃ ግን አትቋረጥም፤ ካለፈች አይጣበቅምና ተፍቆ እንደገና ይቀባል።

ስለዚህ በዋና ተግባራት ሳጥን ውስጥ ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ «ይቋረጣል» ወይም «አይቋረጥም፣ ይህን ያህል ደቂቃ» ይጻፍ። አይቋረጥም የተባሉት በሳምንቱ ውስጥ ማንም በማይረብሽበት ሰዓት ላይ ካልተደለደሉ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከሊን ካንቫስ ጋር ሲነጻጸር

ከዚህ ካንቫስ የወጣው፣ በአሽ ሞሪያ የተዘጋጀው «ሊን ካንቫስ» አራት ሳጥኖችን ቀይሯል፦ አጋሮች፣ ዋና ተግባራት፣ ዋና ሀብቶችና የደንበኛ ግንኙነት ወጥተው ችግር፣ መፍትሔ፣ ዋና መለኪያዎችና ሌላው በቀላሉ የማይቀዳው ብልጫ ገብተዋል። ለአዲስ ሶፍትዌር ድርጅት ጥሩ ነው። ለእጅ ባለሙያ ግን የወጡት አራቱ ናቸው የሚያስፈልጉት፤ ሀብቱ እጁ ነው፣ ተግባሩ ሥራው ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። እሱም ቢሆን ስለ ተፎካካሪ የሚጠይቅ ሳጥን የለውም፤ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ የአምስት ሠሪዎችን ዋጋ፣ መጠንና የማድረሻ ጊዜ በጎን ጽፎ መያዝ ይበጃል።

ሌላው ጉድለቱ ሳያስቡት ወደ ማደግ የሚገፋ መሆኑ ነው። ሳጥኖቹ ተሞልተው ሲያልቁ «ብዙ ደንበኛ፣ ብዙ መንገድ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ሠራተኛ መቅጠር ግን ምርቱን ወዲያው አያጥፍም፤ መጀመሪያ የሚቀንሰው የአለማማጁን የጠረጴዛ ሰዓት ነው። ከሦስት ሠራተኛ በኋላ ባለቤቱ ራሱ የሚሰፋበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ ቀኑ የሚያልፈው በማከፋፈል፣ በመፈተሽና በመክፈል ነው። ይህን የሚወድ ሰው አለ፣ ጥሩ ሕይወትም ነው። ወደዚህ ሙያ የገባው ቆዳውን ለመንካት የሆነ ሰው ግን 126 ቦርሳን እንደ ሽንፈት አይቁጠረው፤ ዋጋውንና የዕቃውን ዓይነት ነው የሚያስተካክለው።

እንዴት እንሙላው

ሰዓት ሳይለኩ አይጀመር። አንድ ዕቃ ብቻ ለክቶ መተማመን ያሳስታል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይረዝማል፣ የተለካው ደግሞ ሆን ተብሎ ይፈጥናል። አሥር ሠርቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል፤ አምስቱ አንድ በአንድ፣ አምስቱ በአንድነት ተቆርጠውና በአንድነት ተጣብቀው። በአንድነት መሥራት ስንት ደቂቃ እንደሚያድን ያኔ ይታወቃል። መሣሪያ ማውጣትና ማስገባትም ይለካ።

ካንቫሱን ራሱን መሙላት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ሦስት ቀለም ይዘጋጅ፦ አረንጓዴ በመዝገብ ወይም በሽያጭ ለተረጋገጠ፣ ቢጫ ለግምት፣ ቀይ ከአሥረኛው ሳጥን ጋር ለሚጋጭ። አዲስ ዕቅድ አብዛኛው ቢጫ ቢሆን አያስፈራም። ቀይ ግን አንድም ቢሆን ሳይነካ አይቆይ፤ ወይ መንገዱ ይወጣል፣ ወይ አሥረኛው ሳጥን ላይ የተጻፈው በሙሉ ፈቃድ ይቀየራል። አብሮ የሚኖር ሰው ካለ ቀዩን አብሮ ይየው፤ ሰዓቱ የእሱም ነው።

በየሦስት ወሩ ቢጫዎቹ ይፈተሹ። የሚከፈልበት ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፤ ወረቀቱና የሰዓት መመዝገቢያ ደብተሩ ይበቃሉ። የቀድሞው ወረቀት አይጣል፤ ጀርባው ላይ ቀኑ፣ የዚያ ሩብ ዓመት የጠረጴዛ ሰዓትና የተሸጠው ዕቃ ብዛት ተጽፎበት ከአዲሱ ሥር ይያያዝ።